ቀዝቃዛ ውሃና የኩልሱም እጅ

ሐጂ ዐብዱልከሪም ጧት ጎንደር መናኸሪያ በር ላይ የሳንጃ መኪና ሲጠብቁ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ጃቢር አገኛቸው። ጃቢር ጤና መኮንን ነው።

«አያ ሐጂ፣ ምነው በጧቱ?»

«ጂን የሚያስወጣ ሰው ሳንጃ አለ ብለውኝ ነው። ልጄ ኩልሱም ለሶላት ውዱእ ስታደርግ፣ ውሃው ገና ሲነካት ቀኝ እጇ ይቆለፋል። ጣቷ ታጥፎ፣ ክርኗ ደርቆ ታቃስታለች፤ ደቂቃ ሳይሞላ ይለቃታል። ሶላት የሚጠላ ሌላ ምን አለ? እንዳትጥለው ብለን ጨቅላ ልጇን እንኳ ከእቅፏ ወስደናል።»

«ጎመን ስታጥብስ?»

«ጎመን ስታጥብም ይዟት ያውቃል።»

«እንግዲያ ጂኑ ጎመንም ይጠላል ማለት ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ቀለድህብኝ!» አሉ፤ ሊቆጡ ብለው ሳቅ አመለጣቸው።

«ከዚህ በፊት ዓይኗ ጨልሞባት ነበር?»

«አምና አንዱ ዓይኗ ጨልሞ በወሩ ተመለሰ። ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሕመሙ መንገድ አለው፣ አያ፤ ብዙ ጊዜ በዓይን ጀምሮ ወደ እጅ ይመጣል።»

ሐጂ ደነገጡ። መኪናው ጡሩንባውን እየነፋ ያለእሳቸው ወጣ።

በማግስቱ ጃቢር በወሰዳቸው ሆስፒታል ሐኪሟ ናዝራዊት ኩልሱምን «ቶሎ ቶሎ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» አለቻት፤ ወደ አባትየው ዞራም «አሁን እጇን ይዩ» አለች። ጥቂት ቆይቶ እጁ ታጠፈ። ውሃ የለ፣ ሶላት የለ።

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሐጂ። «ትንፋሽ እጅን ያዝዛል?»

«በአከርካሪዋ ውስጥ ትንሽ ጣት የማያክል የነርቭ ገመድ አለ፤ ከአንጎል ለእጅ ለእግር የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ በእሱ ያልፋል። የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ጠላት መስሎት ሽፋኑን አቆሰለው። ሽፋኑ እንደተላጠ የመብራት ሽቦ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃም ትንፋሽም ይቀሰቅሰዋል።»

ሐጂ የገዛ እጃቸውን ገለባብጠው አዩ። ስልሳ ዓመት ጨርቅ ሲለኩበት ማን እንደሚያዝዘው ጠይቀው አያውቁም።

«ዱዓውን ልተወው?»

«ማን ይተዉ አለዎት?» አለ ጃቢር። «እርስዎ ዱዓ ያድርጉ፣ እሷ ሐኪሟ ያዘዘችላትን ክኒን ትዋጥ።»

ሐኪሟ አልደበቀቻቸውም። ክኒኑ መቆለፉን ያስቆማል እንጂ ቁስሉን አያድንም፤ ለእሱ ሌላ መድኃኒትና የዓመታት ክትትል ያስፈልጋል።

በአራተኛው ቀን ሐጂ የውዱእ ማሰሮውን ራሳቸው ያዙ። አፈሰሱ። እጁ አልታጠፈም። ትንፋሻቸውን ውጠው ደግመው አፈሰሱ።

«አባዬ፣ በቃ! ልብሴን አራሱት!»

ሐጂ ገብተው ጨቅላውን አመጡና በዚያው በእርጥብ እጇ ላይ አስቀመጡት።

ዛሬ ሱቃቸው የሚመጣውን ሁሉ ይመክራሉ፤ ዓይን ሲጨልም፣ እግር ሲዝል፣ እጅ ሲቆለፍ አትዘግዩ፤ በቶሎ የታከመ ብዙ ያተርፋል፣ የዘገየ የማይመለስ ያጣል እያሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ደንበኛ ቀረብ ብሎ የሳንጃውን ሰው አድራሻ ጠየቃቸው፤ ሚስቱን ጂን ይዟታል አለ።

ሐጂ ጨርቁን ማጠፍ ሳያቆሙ፣ «መጀመሪያ ጎመን ስታጥብ እያት፤ ከዚያ ወደ ሐኪም አብሬህ እሄዳለሁ» አሉት።