መብራት ሲጠፋም የማይወርደው መለኪያ
ቦንጋ አጠገብ ባለ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ማጣሪያዎቹን የምፈትሸው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው የማጣሪያውን መደፈን የሚያሳየውን የግፊት መለኪያ አንብቤ «ደህና» ብዬ ስመዘግብ፣ ወለል የሚያጸዱት እትዬ ዓለሚቱ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ መርፌ ትናንት መብራት ጠፍቶም እዚሁ ነበር። ውሃው ሲቆም አይወርድም እንዴ?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ሮጬ ፓምፑን አጠፋሁና ተመለስኩ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ለካ መለኪያው ከተበላሸ ቆይቷል። ማጣሪያውን ስንከፍተው ውሃውን የሚያጣራው አሸዋ በጭቃ ተደፍኗል፤ ትንሽ ቢቆይ ጭቃው ጠርሙስ ውስጥ ይገባ ነበር። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እትዬን አቅፌ ሳምኳቸው። ኃላፊዬ መጥቶ፣ «ማነው ያገኘው?» ሲለኝ፣ «እትዬ ዓለሚቱ ናቸው፤ ከነገ ጀምሮ አብረውኝ ይፈትሻሉ» አልኩት።

እሳቸው ወደ ሁለተኛው ማጣሪያ እያመለከቱ፣ «ምነው እስከ ነገ? የዚያኛውም መርፌ እኮ አይንቀሳቀስም» አሉ።