የጠፋችው የጨው ማንኪያ

ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን፣ ዛሬ ጡረታ የሚወጡት ባለቀናችን ቲቸር አሳየሽ፤ እባካችሁ ስናገር አታቋርጡኝ። በተለይ እርስዎን ነው፣ ቲቸር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲናገሩ እኛ አዳምጠናል፤ ዛሬ ተራው የኛ ነው።

የመጡበትን ቀን የምናስታውስ እዚህ ካለነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። መስከረም 1999 ነው። ከቦምቤ የተዛወረች የባዮሎጂ መምህርት ትመጣለች ተብለን እየጠበቅን ነበር። ጥበቃችን ጋሽ ጩማ አንዲት ሴት ማዳበሪያ ሙሉ ድንች አሸክማ በሩ ላይ ስትደርስ አዩና «ገበያው ወደ ታች ነው» አሏት። መምህር ነኝ ቢሉ ማን ይመንዎት? የዝውውር ደብዳቤው ደግሞ ከድንቹ ሥር ነው ያለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እርስዎ እዚያው በሩ ላይ ጋሽ ጩማን ማስተማር ጀመሩ። በሰውነታችን ያለች እያንዳንዷ ሕዋስ አጥር እንዳላት፣ አጥሩ ሜምብሬን እንደሚባል፣ የሚፈለገውን አስገብቶ የማይፈለገውን እንደሚከለክል አስረዷቸው። ጋሽ ጩማ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ «እኔም ታዲያ ሥራዬን ነው የያዝኩት፤ ደብዳቤ» አሉ። ድንቹ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ያረፈደ ተማሪ ሲመጣ እስከ ዛሬ «እኔ ሜምብሬን ነኝ፣ ዝም ብሎ አይታለፍም» የሚሉት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ስብሰባውንስ ማን ይረሳዋል? የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህራችን ስለ ዕቅድ ክንውን አርባ ደቂቃ ተናግረው ገና መሞቃቸው ነበር። ቲቸር ከኋላ ጥግ ዳጣ፣ ያንን የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ የያዘ ብልቃጥ ከፈቱና ሽታው የደረሰው እጁን ያውጣ አሉ። የኋላው ረድፍ አወጣ፣ መሐሉ አወጣ፣ በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አወጡ። «አያችሁ፣ ማንም ሳይገፋው ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል፤ ዲፍዩዥን ማለት ይሄ ነው» ብለው ብልቃጡን ከደኑ። ሁላችንንም ርቦን ስለነበር ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ድንቹም አለ። በየዓመቱ ዘጠነኛ ክፍል ኦስሞሲስ ሲማር ድንች ይላጣል፣ ይቆረጣል፣ ግማሹ ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ጨው ውሃ ውስጥ ያድራል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያደረው ውሃ ጠጥቶ ይጠነክራል፤ ጨው ውስጥ ያደረው ውሃውን አስረክቦ ይልፈሰፈሳል። አንድ ዓመት ግን የሻይ ክበባችን ወጥ ሠሪ ወይዘሮ ፈጠነች፣ ተልጦ ተከትፎ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ድንች ስታይ፣ ለእሷ የተዘጋጀላት መስሏት ቀቀለችው። እኛም ምሳ በላነው። ቲቸር ማስታወሻቸውን ይዘው መምህራን ማረፊያ ገቡና፣ ጨው የበዛበት የደረሰው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠይቀው ጻፉ። እኔ የጨው ውሃው ወገን ተመዘገብኩ።

አንድ ነገር ግን በአሥራ ሦስት ዓመት ፍለጋ አልተገኘም፤ ጨው የሚለኩባት፣ እጀታዋ የተጣመመ ትንሽ ማንኪያ። ማን ያልተጠረጠረ አለ? የፈጠነች ወጥ ቤት ተፈትሿል። የኬሚስትሪ መምህሩን እኔንም «ደገፉ፣ እስቲ መሳቢያህን ክፈት» ብለውኛል። ከፈትኩ፣ አልነበረችም።

ቲቸር፣ አሁን የምናገረውን ቀልድ አያድርጉብኝ።

በ2005 ልጄ ምሕረት የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበረች። ባለቤቴ አስካለች ለለቅሶ ወደ በዴሳ ከተማ ሄዳለች። ልጅቷን ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ጤና ጣቢያ ወስጃት የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ሰጡኝ፤ በጥብጬ ባጠጣት አስመለሰችው። ፓኬቱን አነበብኩት፤ ከሞላ ጎደል ጨውና ስኳር ነው። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ናቅሁትና ተውኩት። በማግስቱ ዓይኗ ጎደጎደ፣ ስታለቅስ እንባ የላትም። ልጄ እጄ ላይ እያለቀች ነበር። ከሥራ መቅረቴን ሰምተው እርስዎ ከክፍል በቀጥታ መጡ፤ ነጭ ጋዋንዎን እንኳ አላወለቁም።

እጅዎን ታጠቡ፣ ከጋዋንዎ ኪስ ማንኪያዋን አውጥተው በፈላ ውሃ አጠቧት፣ ዱቄቱን እንደገና በጠበጡ። ይህ ምን ያደርጋል ብዬ ስከራከር «ስኳሩና ጨዉ ተያይዘው በአንድ በር ይገባሉ፤ ውሃው ይከተላቸዋል። አንተ በአንዴ አፈሰስክባት እንጂ መድኃኒቱ ልክ ነው» አሉኝ።

ትተርፋለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ እሰጣለሁ፣ አንተ ቁጠር» አሉኝ።

አንድ ማንኪያ፣ እረፍት፣ አንድ ማንኪያ፣ እረፍት። በስልሳ ሦስተኛው ምሕረት አለቀሰች፣ እንባም ወረደ። እርስዎም አብረው አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተን ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

እኔ ምን አደረግሁ? ሰኞ መምህራን ማረፊያ ገብቼ፣ ቲቸር ቤቴ ድረስ መጥተው ክፍለ ጊዜ ያዙብኝ ብዬ አሳቅሁባችሁ። አመሰግናለሁ አላልኩም። ማንኪያዋም እኔ ቤት ቀረች። መጀመሪያ ረሳኋት፣ በኋላ ግን ከእሷ መለየት አቃተኝ፤ በኪሴ ይዣት እዞር ጀመር። ልመልስ ባልኩ ቁጥር ለምን እንዳስቀረኋት መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያንን ሳላለቅስ መጨረስ አልችልም ነበር። አሁንም እንዳልቻልኩ እያያችሁ ነው።

ምሕረት፣ ነይ። ዘንድሮ እርስዎ ኦስሞሲስን ያስተማሩት የመጨረሻው ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ የነበረችው፣ ከኋላ ወንበር የምትስቀዋ ልጅ ይቺው ናት። ማንኪያዋን በእጇ ትስጥዎ። ቲቸር፣ መሳቢያዬን በከንቱ ነው ያስከፈቱኝ፤ መፈተሽ የነበረብዎት ኪሴን ነበር።

እንግዲህ ብርጭቆአችንን እናንሳ። ቲቸር፣ «ደገፉ፣ ያንተን መጠጥ ማን ያምናል» ብለው እንዳያሸቱት፣ ጨው የለበትም። በወላይትኛ ጋላታይስ፣ በአማርኛ አመሰግናለሁ። ስልሳ ሦስት ጊዜ ልበል ብል ጋሽ ጩማ በሩን ይዘጉብናል። ጤና ይስጥዎ፣ ዕድሜ ይጨምርልዎ፣ የጡረታ ቀንዎ በልጅ ልጆች ሳቅ ይሙላ። ድንች ሲቀቅሉም እኛን ይጥሩን።

ለቲቸር አሳየሽ።