ሺህ ቀን ያለ አደጋ

ረቡዕ ረፋድ፣ አዲስ አበባ፣ በአንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ፤ ከተቀጠረች ገና ሁለት ወር ያልሞላት የሥራ ደህንነት ሠራተኛ ትርሲት የአደጋ ቅጽ ይዛ ቆማለች፤ ለጡረታ ሰባት ወር የቀራቸው መካኒክ ጋሽ ወርዶፋ ግራ እግራቸውን በጨርቅ ጠምጥመው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከበላያቸው «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት፦ 997» የሚል ጥቁር ሰሌዳ አለ።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ቅጹን ተይውና መጀመሪያ መሰላሉ ላይ ውጪልኝ። ዛሬ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ነው፤ ሰሌዳው አሁንም የትናንቱን ይላል።

ትርሲት፦ እኔም የመጣሁት እሱን አይቼ ነው። በየማለዳው ቁጥሩን የሚቀይሩት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ለምን አልቀየሩትም?

ጋሽ ወርዶፋ፦ ጠመኔ አጣሁ።

ትርሲት፦ ጠመኔው እጅዎ ላይ ነው ጋሼ።

ጋሽ ወርዶፋ፦ እሺ፣ መሰላል መውጣት ሰለቸኝ። ሰው አይሰለቸውም?

ትርሲት፦ እግርዎስ?

ጋሽ ወርዶፋ፦ ቤቴ ወደቅሁ። ደረጃ ላይ።

ትርሲት፦ ባለፈው ሳምንት «ቤቴ አንድም ደረጃ የለውም፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ሳያንኳኳ ይገባል» አላሉኝም?

ጋሽ ወርዶፋ፦ አንቺ ልጅ፣ የሰው ወሬ ታስቀምጫለሽ እንዴ? የጎረቤት ደረጃ ነው።

ትርሲት፦ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡሱን ያነሱበት ክሪክ ከዳዎት፤ የፍሬኑ ታምቡር እግርዎ ላይ ወረደ። በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳይቀር ጩኸትዎን ሰምቷል።

ጋሽ ወርዶፋ፦ የሰማ ይስማ። የጻፈ አለ?

ትርሲት፦ ልጽፍ ነዋ የመጣሁት። ይፈርሙልኝ። ቅጽ ላይ ካልሰፈረ፣ ነገ ቢያነክሱ «በሥራ ላይ የመጣ ነው» ብሎ የሚቆምልዎ የለም። ራጅ እንኳ አልተነሱም።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ወጌሻ አይቶኛል። «አልተሰበረም፣ ትንሽ ተቀይሟል» አለኝ።

ትርሲት፦ አውራ ጣትዎ እኮ ወደ ጎን ዞሯል።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ይዙር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንግዲህ ይሄ ቅጽሽ ነው። ስሚ ልጄ፣ ዓርብ ሺህ ይሞላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ምን አለ? ሺህ ቀን ያለ አደጋ ለሠራ ጋራዥ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ። እዚህ አርባ ሦስት ሰው በሸበጥና በተቀደደ ሸራ ነው የሚሠራው። አንቺ ዛሬ ከጻፍሽ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ትርሲት፦ ጫማው እግር እንዳይጎዳ አይደል የሚሰጠው?

ጋሽ ወርዶፋ፦ ነው።

ትርሲት፦ እግር ካልተጎዳ ይሰጣል። ከተጎዳ ይቀራል።

ጋሽ ወርዶፋ፦ መመሪያውን እኔ አላወጣሁት። ያወጣው ሰው መቼም ጫማ አለው።

ትርሲት፦ ይህን ሁሉ ቀን ታዲያ እዚህ ሰው አልተጎዳም? የአጥናፉ ጣትስ?

ጋሽ ወርዶፋ፦ የዓመት ፈቃድ ወጣ።

ትርሲት፦ ጣቱ?

ጋሽ ወርዶፋ፦ አጥናፉ። ጣቱማ አልተመለሰም።

ትርሲት፦ ብየዳ የፈነጠቀበት የሙሉቀን ዓይን?

ጋሽ ወርዶፋ፦ የሐዘን ፈቃድ። አክስቱ ሞተች ብለን።

ትርሲት፦ ወገቡን ሲጎዳም መዝገቡ የሐዘን ፈቃድ ነው የሚለው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ እሷኑ ነው ደግመን የቀበርናት። ደህና ሴት ናት፤ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ በር ድረስ መጥታ ጠይቃዋለች።

ትርሲት፦ እኔ እየሳቅሁ አይደለም።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ስቀሻል።

ትርሲት፦ ትንሽ።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ደግሞስ አንቺ የሙከራ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያልቀው?

ትርሲት፦ ዓርብ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠርቶኝ «ግምገማሽና ድግሳችን አንድ ቀን ዋሉ» አለኝና ፈገግ አለ።

ጋሽ ወርዶፋ፦ አየሽ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ትርሲት፦ ፈርቻለሁ ጋሼ፤ ለምን እዋሻለሁ። ይህን ሥራ እስካገኝ ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሥር ቆሜያለሁ። የተለጠፈውን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር።

ጋሽ ወርዶፋ፦ እና ምን ታደርቂኛለሽ? ዝም ብንል አንቺም ትቀጠሪያለሽ፣ ሰዉም ይጫማል፣ የእኔም እግር ቀስ ብሎ ይታረቀኛል።

ትርሲት፦ እሺ። አልጽፍም።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ተባረኪ። እንኪ ጠመኔው፤ መሰላሉ ያውልሽ።

ትርሲት፦ አንድ ነገር ብቻ። አደጋ ካልደረሰ፣ ክሪኩ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ምን ለማለት ነው?

ትርሲት፦ ያለ አደጋ ቅጽ ከሥራ ላይ ላስነሳው አልችልም። ጠዋት የዕቃ ቤቱን ኃላፊ «ክሪኩን አሽጉልኝ» ስለው «ምን ሆነና?» አለኝ። ምን ልበለው? የጎረቤት ደረጃ? «ጅብ ከሄደ» አሉኝ እንጂ ጅቡ የትም አልሄደም። መቶ አርባ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሥር ነው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ መቶ አርባ ሁለት የእኔ ነበረች። ማን ያዛት?

ትርሲት፦ ትናንት ታምቡሩን ከእግርዎ ላይ ያነሳልዎት ሰው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ዘነበ?

ትርሲት፦ ወደዚህ ስመጣ ሊገባ ሲዘጋጅ ነበር። ተው አልኩት። «ጋሽ ወርዶፋ ቤታቸው ነው የወደቁት፤ ክሪኩ ምን አደረገሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። አሁን ይኸው፣ እስከ ወገቡ ገብቷል።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ታኮ አስገብቷል?

ትርሲት፦ አንድ ድንጋይ።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ምን ተጫምቷል?

ትርሲት፦ ሸበጥ። የዓርቡን ጫማ እየጠበቀ ነው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ዘነበ! አንተ ዘነበ! ውጣ ከዚያ! አሁኑኑ ውጣ አልኩህ! ... ወጣ? ከዚህ አይታየኝም።

ትርሲት፦ ወጥቷል። «ምን ነካቸው?» እያለ ነው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ብዕርሽን አምጪ። የት ጋ ነው የሚፈረመው?

ትርሲት፦ እዚህች ጋ። ... ጋሼ፣ ጫማው ሊቀር ነው። ዘነበ ይረግምዎታል።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ይርገመኝ። በሁለት እግሩ ቆሞ ይርገመኝ።

ትርሲት፦ እኔንም ዓርብ ያሰናብቱኝ ይሆናል።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ግምገማው ላይ አብሬሽ እገባለሁ። እያነከስኩ ስገባ፣ ማነው አደጋ አልነበረም የሚለኝ? በይ አሁን ውጪ።

ትርሲት፦ መሰላሉ ይወዛወዛል። የሚይዝ ሰው ሳይኖር መውጣት ክልክል ነው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ እኔን ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ያዘልኝ? ቆይ፣ ልነሳ። ... ይኸው ያዝኩልሽ።

ትርሲት፦ ስንት ብዬ ልጻፍ?

ጋሽ ወርዶፋ፦ ዜሮ። ተለቅ አድርጊው፤ ሥራ አስኪያጁ ከመስኮቱ ሆኖ እንዲያነበው።