ስም የተጻፈበት ሰሌዳ

ኮልፌ ውስጥ ለሰፈር ልጆች ቴአትር አስተምራለሁ። በቀደም የሥልጠናው ኃላፊ ቢሮ ተጠራሁ። «በጀት የለም፣ ይዘጋ» ሊሉኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ መድረክ ለመውጣት ተዘጋጅተው ጨርሰዋል። ኃላፊዋ ግን ፈገግ ብለው፣ «በጀት ስለተገኘ ትቀጥላላችሁ» አሉኝ።

«ከየት ተገኘ?»

«ሰዎች መኪናቸው ላይ ስማቸውን ለማስጻፍ ለልዩ ሰሌዳ ከሚከፍሉት ነው። ለሥነ ጥበብ ሥልጠና ይዋል ተብሎ ተወሰነ።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። «ውሃ ላምጣልህ?» አሉኝ ደንግጠው።

ሳንሱሲ ወዳለው ቤቴ በታክሲ ስመለስ፣ ሰሌዳው ላይ «ብሩኬ» ያስጻፈ መኪና ድንገት ታክሲያችን ፊት ገባብን። ሾፌራችን ስድቡን ሲያወርድ እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ «ብሩኬ፣ ኑርልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።