የዘርፌ ጣቶች

በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ በገበያ ቀን ቀትር ላይ፤ ሹሩባ ሠሪዋ ዘርፌ ድንገተኛ ክፍል ተኝታለች፣ ያንቀጠቀጣት ሕመም ገና መልቀቁ ነው፤ ነርስ ይበልጣልና አለቃው ሲስተር አስካለ ከአልጋው ራቅ ብለው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ።

ይበልጣል፦ ካኑላውን፣ እጇ ላይ የሰካሁትን መርፌ ልንቀለው ሲስተር። ሰው ሳያይ።

አስካለ፦ እጅህን ሰብስብ። የምንልካት ሆስፒታል ያሉት በዚያው መድኃኒት ይሰጧት ይሆናል። ምኗን ነው የወጋሃት?

ይበልጣል፦ ደም መልሷን።

አስካለ፦ ታዲያ ጣቶቿ ለምን ኖራ መሰሉ?

ይበልጣል፦ ደም ቅዳዋን ሳልወጋት አልቀረሁም። የማንቀጥቀጡ ማስታገሻ በቀጥታ ወደ ጣቶቿ ሄዷል።

አስካለ፦ አልቀረሁም?

ይበልጣል፦ ጣቴ ሥር ሲመታ ተሰምቶኛል። መንቀጥቀጧ ነው ብዬ ነው። ሦስት ሰው ይዟት አልጋው ራሱ ይዘል ነበር። ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «እጄ ተቃጠለ» ነው።

አስካለ፦ ሰምቻለሁ። ወደ ሆስፒታል የሚልካት የሪፈር ወረቀት ላይ ምን ጻፍክ?

ይበልጣል፦ «ገበያ ላይ እጇን በመቀነት አስረው አመጧት።» ውሸት አይደለም፣ አስረዋት ነበር።

አስካለ፦ ሁለቱም እጇ ታስሮ የነጣው አንዱ ብቻ ነው?

ይበልጣል፦ ማን ይመረምረዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

አስካለ፦ ዝንቡ የሚያርፈው በሞተ ጣት ላይ ነው። እዚያ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት አላቸው። መቀነት ነው ካልካቸው ግን እስኪለቃት ትጠብቅ ብለው ኮሪደር ላይ ያስቀምጧታል።

ይበልጣል፦ የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ሲስተር። እናቴ «ልጄ ሐኪም ሆነ» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች።

አስካለ፦ የእናትህን ፀጉር ማን ነው የሚሠራላት?

ይበልጣል፦ ዘርፌ።

አስካለ፦ የእኔንም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ዓመት ሙሉ ሻሼን አልፈታሁም። አንድ ቀን ቤቴ መጣች፤ ምንም ሳትል ፈትታ ሠራችኝ። ተወው ይህን። አምቡላንሱስ?

ይበልጣል፦ ነዳጅ እየሞላ ነው።

አስካለ፦ እጇን በትራስ ከፍ አድርግላት። ስንት ጣቷ ነጥቷል?

ይበልጣል፦ ሦስት። ቅድም ሁለት ነበር። የአንዱ ጫፍ እየጠቆረ ነው።

አስካለ፦ ሌላ ወረቀት ይኸው። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደገባ። ከሥር እኔም እፈርማለሁ።

ይበልጣል፦ እርስዎ ምን አጠፉ?

አስካለ፦ «ቶሎ በል» ስልህ እጅህን አላየሁም። ጻፍ።

ይበልጣል፦ እርስዎም ፈርተው ነበር?

አስካለ፦ ጻፍ አልኩህ።

ይበልጣል፦ ይኸው። እዚህ ጋ ይፈርሙ።

አስካለ፦ በል፣ ለሾፌሩ ስጠው።

ይበልጣል፦ እሱ ኪስ ውስጥ ስንት ሪፈር ተረስቷል። አብሬያት ልሂድ ሲስተር፤ ገና ከበሩ «የወጋኋት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ።