ተዝካሯ የተበላላት ልጅ

አዛናው የበቆሎ ዘር ሊገዙ ከጅጋ ፍኖተ ሰላም የመጡ ዕለት፣ መናኸሪያው በር ላይ ከመምህር ስመኘው ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ። ስመኘው የልጃቸው የደጊቱ አስተማሪ የነበረ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የስደት ተመላሾችን ከቤተሰብ በሚያገናኝ ቢሮ ይሠራል። ሰላምታው ሳያልቅ፣ በደላላ ተታላ ዓረብ አገር የሄደችው ደጊቱ በሕይወት እንዳለች፣ የመን ውስጥ በጦርነት መሐል ካምፕ ታጉራ ከርማ ትናንት ከተመላሾቹ ጋር እዚሁ ከተማ መግባቷን ነገራቸው።

ሽማግሌው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ልጄ አለች! ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ስመኘውን አገላብጠው ሳሙት። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ወሬዋ ቢጠፋ ዓምና ሞታለች ብለው ፍትሐት አስደርገው፣ ተዝካሯን ደግሰው አብልተዋል። የመንደሩ ሰው ደግሞ፣ ተዝካሩ የተበላ ሰው ደጃፍ ከረገጠ ሌላ ሞት ይጠራል ይላል።

«ቡሬ እህቴ ዘንድ ትቀመጥ» አሉ። «ጠልቻት አይደለም ስመኘው፤ ቤት ላሉት ልጆች ፈርቼ ነው።»

«ጋሼ አዛናው፣ እርስዎ የሚያስቀድሱ ሰው ነዎት» አለ ስመኘው በትሕትና። «አልዓዛር በአራተኛ ቀኑ ከመቃብር ሲወጣ፣ ማርያምና ማርታ ‹ለቅሶህን ጨርሰናል፤ ሌላ ዘመድ ፈልግ› አሉት?»

«እሱንማ ጌታ ነው ያስነሣው።»

«ደጊቱንስ ማን ያወጣት ይመስልዎታል?»

ስመኘውም ፋታ አልሰጣቸውም፤ መንግሥታት ስለ ተመላሾቹ እንዴት እንደተነጋገሩ፣ የውጭ ድርጅቶች ጥይት ከሚጮህበት አገር ገብተው ሰዉን እንዴት እየፈለጉ እንዳወጡት፣ አውሮፕላን እንደተላከ፣ ሐኪም እንዳያቸው አስረዳቸው።

«ይህ ሁሉ የተለፋው እቤቷ ትግባ ተብሎ ነው። ስንት አገር በሩን ከፈተላት፤ የአባቷ በር ከተዘጋ ግን ከካምፕ ወጥታ ሌላ ካምፕ ገባች ማለት ነው። ያን ጊዜ ደላላው ይቀድመናል።»

አዛናው በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። እውነትም ነው። ከሞት የተረፈ ሰው ዘመድ ፊት ሲነሣው፣ በመጣበት መንገድ መልሶ ይሄዳል። ዘመድ ሲቀበለው ግን ሙያ ይማራል፣ ጎጆ ይወጣል፤ ያየውን እያወራ የጎረቤቱንም ኮረዳ ከደላላ ያስጥላል። ለካስ ሞት የሚጠራው በር መዝጋቱ ኖሯል!

«ወዴት ነች? ምራኝ» አሉ።

ደጊቱ ከስታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከቢሮው ግቢ ተቀምጣ ነበር። ስታያቸው ብድግ አለች እንጂ አልቀረበቻቸውም፤ የተዝካሩን ነገር ሰምታለች።

«አባዬ፣ ቤት ልግባ?» አለች።

አዛናው ሮጠው አቀፏት። «ደግሼ ሸኝቼሽ ነበር፤ ደግሼ አስገባሻለሁ» አሏት።

ልጅቱ ጋቢያቸው ውስጥ ተሸጉጣ ስታለቅስ ቆየችና፣ በዚያው መሐል ቀስ ብላ፣ «ለመሆኑ ሰው መጥቶልኝ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ማን ቀርቶ! አሁንም ያው ሰው ይጠራል፤ የዘንድሮውን ጠላ ግን አንቺው ትቀጂለታለሽ።»