ኖራ ያለበሰው የውሃ መስመር

ዴልፊን ሻማ ልታበራ ወደ መካነ መቃብሩ ስትገባ አያቷን ኑማን አገኘቻቸው። ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ከመሬት በላይ በጡብ የተሠራውን የሚስታቸውን የክሎቲልን መቃብር ኖራ ይቀባሉ። በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ረግረግ ዳር የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲደርስ መቃብር ካልነጣ ነውር ነው። ሽማግሌው ደግሞ ከአውሎ ነፋስ ይልቅ ነውር ይፈራሉ።

«ደህና ዋሉ አያቴ? ደግሞ ጀመሩ?»

«መጣሽ የኔ ምሁር! አያትሽ ነጭ ሳትለብስ በዓል ትዋል እንዴ?»

«ኖራው ይቆይዎት። ደጋው ላይ ቦታ አግኝተናል። እሷንም እርስዎንም ይዘን እንውጣ፤ ባሕሩ እየመጣ ነው።»

«ይመጣል፣ ይመለሳል። አንቺን ትምህርት ውሃ ፈሪ አደረገሽ እንጂ!»

ዴልፊን ተናደደች፤ አዘነችም። እኚህ ሰው ሞኝ አይደሉም፤ ጀልባ ሲሰጥም ካዩ ከማንም ቀድመው ይዘላሉ። አደጋ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሁላችንም እንሮጣለን። በየዓመቱ አንድ አንድ ጣት ከፍ እያለ ሲመጣ ግን ወንበራችንን ትንሽ ሳብ አድርገን እንቀመጣለን።

በዚህ መሐል ከመቃብሩ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ኳ... ኳ።

ነፋስ አልነበረም። ዴልፊን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ሰማሽ?» አሉ ኑማ በሹክሹክታ። «ውሃው ሲሞላ ታንኳኳለች። ቶሎ ቅባኝ እያለችኝ ነው።»

«አያቴ፣ የሬሳ ሳጥኑ ነው። ከሥር የገባ ውሃ አንሳፎት ግድግዳውን እየመታ ነው።»

ከሽማግሌው ወገብ ቢላዋ መዛ ኖራውን ፋቀች። የአምናው ውሃ የደረሰበት ቡናማ መስመር ወጣ። ከሥሩ ያለውን የቆየ ኖራ ስትፍቅ ሌላ መስመር አገኘች፤ ዝቅ ይላል። ወደ ጥንቱ ኖራ በጠለቀች ቁጥር መስመሩ ወደ መሬት ወረደ።

«ይህን ማን ደበቀው?» አለች።

ሽማግሌው ኖራ የነካውን እጃቸውን አዩት። «እኔው ነኝ» አሉ።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሁላችንም የአምናውን እያጠፋን ነው ዘንድሮ ምንም አልተለወጠም የምንለው።»

ኳ።

ኑማ ብሩሹን ጥለው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «እሺ ክሎቲል፣ ሰማሁሽ» አሉ፤ አለቀሱም።

በበዓሉ ቀን ጎረቤት ሁሉ ያልነጣውን መቃብር አይቶ አጉረመረመ። ኑማ ግን መስመሮቹን እያሳዩ፣ «የእናንተንም ፋቁ» አሉ። ከቀትር በኋላ መካነ መቃብሩን የቢላዋ ድምፅ ሞላው።

ፍቀው ያዩት፣ ሙታናቸውንም ልጆቻቸውንም ይዘው ደጋው ላይ ወጡ። ዛሬ ዝናብ ሲጥል ሽሽት ሳያስቡ ጫማቸውን አውልቀው ይተኛሉ። ኑማም አንዳንዴ ጆሯቸውን ከክሎቲል አዲስ መቃብር ላይ ያስጠጋሉ፤ ዝም ብላለች። ለማንጣት የቸኮሉት ግን ባሕሩ የወሰደባቸውን የሬሳ ሳጥኖች ዛሬም ረግረጉ ውስጥ ይፈልጋሉ።